አባቴ የመረጠው ዘንግ

አዲስ የናይለን ክር የራሱ ሽታ አለው፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ባለፈው ሳምንት ሎረንስቪል፣ ከቤቴ አጠገብ ካለው የስፖርት ዕቃ መደብር ለቤተ ክርስቲያን ሽርሽር ታጣፊ ወንበር ልገዛ ገብቼ፣ ተሳስቼ የዓሣ ማጥመጃ ከተደረደረበት መተላለፊያ ደረስኩ። አንድ ሰውዬ የክር ጥቅል ከፍቶ በጣቱ ይፈትሻል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የመጣሁበትን ረሳሁት። እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ዘንድ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከመጣሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። አገር ጥሎ ሲሰደድ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ እኔ የማውቀው የስልክ ድምፁን ነው፤ እሱ የሚያውቀው ፎቶዬን። ሁለት እንግዶች አንድ አፓርታማ ውስጥ ገባን በሉት። አንቱ እለው ነበር። ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ ሲመጣ፣ "በላሽ?" ይለኛል። "አዎ።" "ትምህርትስ?" "ጥሩ ነው።" የቀኑ ወሬያችን ይቺው ነበረች። በዚያ አገር ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የፍሪጁን ጉርምርምታ እያዳመጥኩ እቀመጣለሁ። ብቸኝነት እንደዚያ ሆዴን የበላኝ ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ማለዳ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ስቶን ማውንቴን ያለው ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሰዓት ጭቃ ጭቃ እየሸተተ፣ ፊቱ ፈክቶ ይመለሳል። ዓሣ ግን ይዞ አይመጣም። ባስ የሚባለውን ዓሣ በስንት ትግል ይይዝና መልሶ ይለቀዋል። "ታዲያ ለምን ይደክማሉ?" ብዬ መጠየቅ አፍር ነበር፤ አብሬው መሄድን ግን አጥብቄ እመኝ ነበር። እዚያ ሐይቅ ዳር ያለው ሰውዬ ነው አባቴ፣ ይሄ ቤት የሚመጣው ተከራዩ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ዓርብ "ነይ፣ ዕቃ እንግዛ" አለኝና አንድ ሸምገል ያለ አሜሪካዊ ከሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ወሰደኝ። ሱቁ የጎማና የዘይት ሽታ ነበረው፤ ዘንጎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አባቴ አንዱን አነሳና ጫፉን ጣሪያው ላይ ደግፎ አጎበጠው። "ይሄ ሃርድ ነው፤ ዓሣው ሲነካው እጅሽ ላይ አይሰማሽም።" ሌላውን አነሳ። "ይሄ ደግሞ ልምጭ ነው፤ ትልቅ ባስ ከመጣ ኮንትሮል አታደርጊውም።" ስድስት ሰባት ሞከረ። መጨረሻ ላይ ከታች ጠንከር፣ ከጫፉ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ዘንግ ሲያገኝ ሽማግሌው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

ቀጥሎ ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል መጣ። ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ አለ፣ ከሥር የሚንጠለጠል አለ። "የላዩ ያምራል፤ ላልለመደ ሰው ግን ክሩ ይተበተብበታል" አለና የሥሩን መረጠ። ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት አጥምዶ ላልለመደ ሰው ምን አስጨነቀው አላልኩም፤ ሞኝነቴ! ለራሱ የሚገዛ ነበር የመሰለኝ። እኔ ባደግኩበት ቤት ሴት ልጅን ለዓሣ የሚጠራት የለም።

ክር ሲመርጥ ምላሴ አመለጠኝ። "ወፍራሙ አይሻልም?" አልኩት። በሦስት ወር ውስጥ ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነው።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁትም ገና ያን ቀን ነው። "ዓሣውም እኮ ዓይን አለው! ወፍራም ክር ካየ ይሸሻል። ቀጭኑን አያየውም።"

ከዚያ "እስቲ ያዢው" ብሎ ዘንጉን ሰጠኝ። ሳላስበው በግራ እጄ ያዝኩት፤ ወዲያው፣ ልጅ ሆኜ በግራ ስይዝ የምትቆነጥጠኝ አክስቴ ትዝ አለችኝና ወደ ቀኝ አዛወርኩት። እጆቼን አየት አደረገ። "መኪናው ጋ ጠብቂኝ" አለና ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ይሄ ሁሉ ምርመራ ምንድነው እያልኩ በዚያ አገር የነሐሴ ሙቀት ጠበቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ "ትመጫለሽ?" አለኝ።

ልቤ ዘለለች። አፌ ግን "አይ፣ እርስዎ ይሂዱ" አለ። እኛ ቤት በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል ስግብግብ ነው። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፤ ጋባዡ "በሞቴ!" ይላል፤ ሁለተኛም እምቢ ተብሎ ተጎትቶ ይኬዳል። እኔም ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ያዝኩ።

"ኦኬ" አለና አሮጌውን ዘንግ ይዞ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ብቻውን የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ የተባለን ነገር እንደተባለ መውሰድ ለምዷል። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁትና ትራሴን አቅፌ አለቀስኩ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ጠየቀኝ፤ አሁንም እንዲደግመው እየጠበቅኩ እምቢ አልኩ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወ። አዲሱ ዘንግ ከበሩ ኋላ እንደቆመ መከር ገባ።

አንድ ቀን ቤት ስጠርግ ዘንጉን አነሳሁት። የሚያየኝ ስለሌለ በግራ እጄ ነበር። ቀኝ እጄ በቀጥታ የሪሉ እጀታ ላይ አረፈ። የአባቴን አሮጌ ዘንግ አየሁ፤ የእሱ እጀታ በግራ በኩል ነው። ያን ዓርብ ወደ ሽማግሌው ተመልሶ ያስደረገው ይሄን ነበር፤ እጀታውን አስፈትቶ ለግራኝ አስገጥሞታል። ዘንጉን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ሳይጠራኝ ቀድሜው ተነሳሁ። ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ የሥራ ዩኒፎርሙን ለብሷል።

"ሐይቅ አይሄዱም?" አልኩት።

"ቅዳሜን ኦቨርታይም ያዝኩት" አለኝ። "አንቺም አልወደድሽውም፤ ለብቻዬ ሰለቸኝ።"

እወደዋለሁ፣ አብሬዎት መሄድ ነው የምፈልገው ማለት ነበረብኝ። "ጥሩ ነው" አልኩ። ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ ቅዳሜዎቹ ሁሉ እንዲያ ሆኑ።

ወሬው ቀስ በቀስ መጣ፤ ሳቁም፣ አንተ ማለቱም። ጡረታ ወጥቶ እኔ ጋ ከገባ በኋላ በአንድ የጸደይ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁልፌን እየፈለግኩ "አባዬ፣ ዛሬ ሐይቅ እንሂድ እንዴ?" አልኩት።

"አይ፣ ስንት ሥራ አለሽ" አለኝ።

"ኦኬ አባዬ" ብዬ ወጣሁ።

ሸመታዬን ጨርሼ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። የሐይቅ ኮፍያውን አድርጓል፤ ቤት ውስጥ ጫማ የማያደርገው ሰውዬ ጫማውን አጥብቆ አስሯል። ዕቃዬን ጥዬ ተንበረከክኩ።

"ተነስ አባዬ፣ እንሂድ። እምቢ ብትል አልሰማህም።"

ዓይኑን ገልጦ ወደ መስኮቱ አየና ፈገግ አለ። "አሁንማ ፀሐዩ ከረረ፤ ባሱ ወደ ጥልቁ ወርዷል። ሳምንት እንሄዳለን።"

ሳምንት እሱ ታሞ ሆስፒታል ነበርን፤ ሐይቁ ዳር አብረን ሳንቆም ቀረን።