ከኩድራ የታሰረ መጥረጊያ

የቤቱ ባለቤት ማማ ኪደን በራፋቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። የእህቴ ልጅ ጽጌ ከውሃው በርሜል አጠገብ ነች። ጎረቤቷ ፖኒ ከሸምበቆው አጥር ማዶ ሆና ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል። እኔ ግቢው መሃል ነኝ፤ በእጄ አዲስ የታሰረ መጥረጊያ ይዣለሁ። ቦታው ጁባ ከተማ ውስጥ «ጁባ ና ባሪ» የሚባለው የቆየ ሰፈር ነው። ሰላም ከወረደ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ዝናቡም አቁሟል። ጽጌ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፣ እኔ ለጥቂት ወራት የመጣሁ እንግዳ ነበርኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአጥሩ ሥር የቆመውን፣ ቅጠሉ የረገፈ ተክል ሳይ ጭፍርግ መሰለኝ። ማለዳ ተነሥቼ በቢላ ቆረጥኩትና መጥረጊያ አሰርኩት።

ያደግሁት አምቦ ነው። በእኛ ጊዜ ግቢ የሚጠረገው በጭፍርግ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከእኩዮቼ ጋር ከወንዙ በላይ ወዳለው ዳገት እንወጣለን። የጭፍርግ አበባ ትንሽና ቢጫ ናት። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ግን በቀላሉ አይሰበርም፤ እጅ ይልጣል። ስንቆርጠው የእርጥብ ሣርና የአቧራ ሽታ መዳፋችን ላይ ይቀራል፣ ሰኞ ደብተሬን ስገልጥ እንኳ ይሸተኝ ነበር። ገመድ አንፈልግም፤ ልጡን ልጠን በዚያው እናስረዋለን። ከመቁረጡ ይልቅ በጭፍርጉ እግር ለእግር እየተገራረፍን የምንሯሯጥበት ሰዓት ይበዛ ነበር።

በዘጠኝ ዓመቴ ብቻዬን ያሰርኩትን የመጀመሪያ መጥረጊያ ለእናቴ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታችው፤ ተበተነ። «እንደገና» አለችኝ። ሁለተኛውም ተበተነ። ሦስተኛውን መታችና አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ግቢውን መጥረግ ጀመረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን መጥረጊያ የእኔ ሥራ ሆነ። ዛሬ ቤቴ የሚጠረገው ከሱቅ በተገዛ የፕላስቲክ መጥረጊያ ነው። ምንም አይሸትም።

ማማ ኪደን በጁባ ዓረብኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጽጌ ቶንፒንግ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ስለምትሠራ ቋንቋውን ለምዳዋለች።

«አክስቴ፣ ይሄ ኩድራ ነው። ቅጠሉ እንደ ባሚያ የሚያሙለጨልጭ፣ ወጥ የሚሠሩበት።»

«ቅጠል የለውማ።»

«ለዘር ብለው ትተውት ነው የደረቀው። ከካርቱም ሲመለሱ ከሟች እናታቸው መንደር ያገኙት ዘር ነው። ሌላ የላቸውም።»

«ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ይኖር የለ?»

«የገበያውን አይፈልጉትም።»

ፖኒ ከአጥሩ ማዶ ሳቋን ለቀቀችው። «እናንተ ሐበሾች! እኛ የምንበላውን እናንተ ትጠርጉበታላችሁ?» ጽጌም ተርጉማልኝ ልትስቅ ስትል፣ ሳያት ተወችው። ማማ ኪደን አልሳቁም።

«ማሌሽ» አልኩ። ከቋንቋቸው ይቅርታ ማለትን አውቅ ነበር።

ማማ ኪደን ቀርበው የመጥረጊያውን ጫፍ ዳበሱ። የዘሩ ቆባዎች ተሰነጣጥቀዋል፤ ውስጣቸው ባዶ ነበር።

«አክስቴ፣ ጠርገውበታል?» አለች ጽጌ።

«ግቢውን በሙሉ።»

ጥራጊውን በሩ አጠገብ ቆልዬው ነበር። የጽጌን ሰፌድ አመጣሁና ቁጭ አልኩ። አሸዋውን፣ ቅጠሉን፣ የዶሮውን ላባ ጥቂት ጥቂት እያነሣሁ ሳበጥርና ሳንገዋልል ዋልኩ። ዘሩ ጥቁር ነው፤ ከጤፍ ትንሽ ከፍ ይላል። ፖኒ መጀመሪያ ለማሾፍ መጣች፤ በኋላ ግን የማእዘኑን አቧራ በእጇ እየዛቀች ታቀብለኝ ጀመር። ማማ ኪደን ተመልሰው በራፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ አልተነሡም። ከሰፌዱ ላይም ዓይናቸውን አላነሡም።

ወደ ማታ የተገኘው ግማሽ ሲኒ አይሞላም። ማማ ኪደን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት፤ የአረም ዘር የሆነውን ሦስት አራት ፍሬ ለቅመው ጣሉ። የቀረውን በለበሱት ጨርቅ ጫፍ ቋጠሩት።

«ይበቃቸዋል ወይ በያቸው» አልኳት ጽጌን።

ጠየቀቻቸው። ማማ ኪደን ቋጠሮውን አጠበቁና መለሱ።

«አምስት መደብ ነበር የሚዘሩት» አለች ጽጌ። «ይሄ ለአንድ ይሆናል። አንዱ በዓመቱ አምስቱን ይመልሳል አሉ።»

ተነሣሁ፤ የቀረ ፍሬ ቢኖር ብዬ ቀሚሴን ሰፌዱ ላይ አራግፌ ወደ ጽጌ ክፍል ገባሁ።