ባሕሩ ይሄዳል ያለው መኩሪያ

ይህ ነገር የደረሰው ከአራት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሐረር ነው። ሌላው ሰው ረስቶት ይሆናል። እኔ ግን ጥፋቱ የራሴ ስለሆነና ያጠፋሁትም በቅናት መሆኑን እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተናገርኩ፣ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ጥግ ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከአንድ የህንድ ሱቅ ከገዛኋት ትንሽ መጽሐፍ ነው። መጽሐፏ ጅቡቲን ለሚጎበኙ እንግዶች የተዘጋጀች ነበረች። የከተማውን መዝናኛ ሁሉ በሥዕል ታሳያለች፤ ሙዚቃ የሚመታበትን አደባባይ፣ በነጭ ሸራ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚታይበትን ቡና ቤት፣ ሰው ለሽርሽር ጀልባ የሚከራይበትን የባሕር ዳር። ከሐረር ወጥቼ አላውቅም። ነገር ግን አደባባዩ ዙሪያ ስንት ቅስት በር እንዳለ ከሥዕሉ ላይ ቆጥሬ አውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ሐጂ ኡመር የሚባሉ፣ በግንብ በታጠረው በአሮጌው ከተማ በጁገል የሚኖሩ ነጋዴ፣ ቡናና ቆዳቸውን ይዘው ጅቡቲ ሲወርዱ አብሯቸው የሚሄድ ጸሐፊ ፈለጉ። ጽሑፌን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት።

«ወላሂ ያምራል» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ አንተ ከሰው ጋር አትነጋገርም። እዚያ ወደብ ላይ ዝም ያለ ሰው ዕቃው ይበሰብስበታል።»

የወሰዱት መኩሪያን ነው። መኩሪያ ሸዋ በር አጠገብ ጎረቤቴ ነው፤ አብረን አድገናል። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። አፉ ግን አያርፍም።

ይህ አንዱ ቅናቴ ነበር። ሁለተኛው ይብሳል። የባላምባራስ ደስታን ልጅ አስካለን ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ይዣት፣ ለእሷም ለሌላም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። መኩሪያ ሊሄድ ሲል ሽማግሌ ላከባት። ባላምባራስም «ሄዶ ይመለስና እናያለን» ብለው መለሱ።

በሁለተኛው ወር ተመለሰ። ሐጂ ኡመር ለሌላ ጉዳይ እዚያው ቀርተው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ የማኅበሩ ተራ የባላምባራስ ስለነበረ ሁላችንም እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። ጠላው እንደዞረ መኩሪያን «በል አጫውተን» አሉት። እሱም ጀመረ። ሙዚቃውን፣ በሸራው ላይ የሚሮጠውን ፈረስ፣ በመስታወት ብርጭቆ የሚሸጠውን በረዶ አወራ። እኔ በልቤ እየተከተልኩ ከመጽሐፌ ጋር አመሳክረው ነበር። አልተሳሳተም። ይኸው ነው ያናደደኝ። ያ ሁሉ እኔ ተጨንቄ ያጠናሁት ነገር ከእሱ አፍ እንደ ተራ ወሬ ይወጣል።

ከዚያ ከኪሱ አንድ ነጭ ዛጎል አውጥቶ ለባላምባራስ ሰጣቸው። «ለቤቱ ነው» አለ። ለማን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። አስካለ እንስራውን አስቀምጣ ተቀበለችና በመዳፏ ጨበጠችው።

«የት አገኘኸው?» አሉት ባላምባራስ።

«ከባሕሩ ወለል ላይ አነሣሁት። ጠዋት ባሕሩ ይሄዳል። ያን ጊዜ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ይወርድና በወለሉ ላይ ይንሸራሸራል።»

«ይሄዳል ስትል?»

«ወደ ውስጥ ይሄዳላ! ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ይቀራሉ። ማታ ተመልሶ ይመጣል።»

እዚህ ላይ በልቤ «ያዝኩህ» አልኩ። መጽሐፌ እንዲህ ያለ ነገር አትልም፣ ወይም የምትል አልመሰለኝም። በሰው ፊት መናገር የማልወደው እኔ ያን ቀን ተናገርኩ።

«መኩሪያ፣ የሚከራዩት ጀልባዎች የሚቆሙበት ቦታ ነው የምትለው?»

«አዎ፣ እዚያው።»

«እዚያ ጥልቀቱ ሁለት ሰው ቁመት ነው። ተጽፏል።» መጽሐፏን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ቁጥሩን አሳየሁ። «ዛጎልም እዚህ ህንዶቹ ሱቅ ሞልቷል።»

ባላምባራስ ጢማቸውን እየነካኩ መኩሪያን አዩት።

«እኔ የሸዋን ሐይቆች አይቻለሁ» አሉ። «ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ውኃ ግን አላየሁም። ከብት ነው እንዴ?»

ሳቁ ፈነዳ። አንዱ «እረኛው ማነው?» አለ። ሌላው «ሙሴ እንኳ አንድ ቀን ነው የከፈለው፤ አንተ በየቀኑ?» አለው። መኩሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከጁገል ነጋዴዎች አንዱን ጠርቶ ቢያስመሰክር ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አልጠራም። ተነሣና «ከሳቃችሁብኝ በኋላ ምስክር አልለምንም» ብሎ ወጣ።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት እየዘለልኩ ነው ብል አላጋነንኩም።

በሳምንቱ ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን ጠርተው «ከፊቴ ተቀምጦ ለሚቀልድብኝ ልጄን አልሰጥም» አሏቸው። መኩሪያ መንገድ ላይ በወጣ ቁጥር «ዛሬ ባሕርህን የት አሰማራኸው?» ይሉት ጀመር። ወር ሳይሞላው ድሬዳዋ ወረደና ባቡር ጣቢያው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ።

ሐጂ ኡመር ሲመለሱ ጸሐፊ አጡ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ወሰዱኝ።

ጅቡቲ የገባነው ሲመሽ ነው። ሲነጋ ቀድሜ ተነሥቼ የምወዳትን የባሕር ዳር ለማየት ሄድኩ። ባሕሩ የለም። ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። የህንድ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይራመዳሉ፤ ሕፃናት ሸርጣን ያባርራሉ፤ አንድ ፈረንጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ከውሻው ጋር ይንሸራሸራል። መጽሐፏን ገልጬ ያንን ገጽ ፈለግሁ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ትርጉማቸውን ስላላወቅሁ የዘለልኳቸው ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ ቁጥሩ ባሕሩ ሲሞላ ያለው ጥልቀት መሆኑን የሚናገሩት እነሱ መሆናቸው አሁን ገባኝ።

ሐጂ ኡመር ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። «ምነው? አልነገሩህም? አላህ በቀን ሁለቴ ይወስደዋል፣ ሁለቴ ይመልሰዋል» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ጀልባዎቹ አጠገብ ድረስ ሄድኩ። ወለሉ በዛጎል የተሞላ ነበር። አንድም አላነሣሁም።

ሐረር እንደገባሁ ቤቴ ሳልደርስ ባላምባራስ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ቅናቱን ብቻ ተውኩት።

«አንተንም ይህ ባሕር ለከፈህ?» ብለው ሊስቁ ሲሉ ሐጂ ኡመርን እንዲጠይቁ ለመንኳቸው። ያን ጊዜ ሳቃቸውን ተዉት። አስካለ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እኔ ያን ቀንም አምኜዋለሁ» አለች።

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?» አሏት አባቷ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ «ያባረርከው አንተ ነህ፤ ሂድና አምጣው» አሉኝ።

በበቅሎ ድሬዳዋ ወረድኩ። መኩሪያን ከጆንያ ክምር መሐል አገኘሁት። ንግግሬን ደጋግሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ከግማሹ አላለፍኩም።

«አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«ጫማህን አወለቅህ?»

«አወለቅሁ።»

«ጭቃው ጣት መሐል ሲገባ ይኮረኩራል፣ አይደል?» አለና ሳቀ። ምንም የተቀየመ አይመስልም ነበር። ያ ደግሞ ከስድብ በላይ አቆሰለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ሚዜው እኔ ነበርኩ። አሁን አንድ ልጅ አላቸው። መኩሪያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሕሩን ያወራል፤ አሁን የሚስቅበት የለም። ሲያወራ አስካለ ሥራዋን አቁማ ታየዋለች። እኔን ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ይቅርታም አግኝቻለሁ፤ ቅናቱ ግን አብሮ አልሄደም። እንዲህ መሆኑን መደበቅ ሰልችቶኝ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

መኩሪያ እስከ ዛሬ ባሕሩ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመጣል ይላል። ልክ አይደለም። ሰዓቱ በየቀኑ ይዘገያል፤ ጅቡቲ በከረምኩባቸው ቀኖች ሁሉ መዝግቤዋለሁ። ባለፈው እሑድ አንድ እንግዳ ወደ እኔ ዞሮ «እውነት እንደሚለው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መኩሪያና አስካለ ሁለቱም አዩኝ።

«አዎ» አልኩት። «እንደሚለው ነው።»