ከችካሉ ሥር ያለው ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከቦታ ቦታ ይሄድ ነበር። ይህን ስናገር ቀልድ ስለሚመስል በትክክል ልንገር፤ ቤታችን ባሮ ወንዝ ላይ የምትሄድ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ነበረች። ርዝመቷ በአባቴ እርምጃ አሥራ ሁለት ነበር። ምናልባት አሥራ አንድ፤ ልጅ ሆኜ የቆጠርኩትን ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ከፊት ጨውና ሳሙና እንጭናለን፣ ከኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንተኛለን።

አባቴ ጎሬ የተወለደ አናጢ ነው። ጋምቤላ ክልል ተብላ በየሳምንቱ አዲስ የቢሮ ሰሌዳ በሚሰቀልበት በዚያ ዘመን፣ የሞተር ጀልባዎቹ መለዋወጫ አጥተው ዳር ላይ ሲዝጉ፣ እሱ አንዲት አሮጌ ጀልባ ጠግኖ ምሰሶ ተከለባት። ወደ ኢታንግ ስንወርድ ውሃው ራሱ ይወስደናል፤ ስንመለስ የክረምቱ ነፋስ ከምዕራብ ሸራውን ሞልቶ ሽቅብ ይገፋናል። ወንዙ ሲጎድል ሥራው ያበቃል።

ጓደኛ አልነበረኝም። ዋና እስክችል ድረስ እናቴ ወገቤን በገመድ ከምሰሶው ጋር ታስረኝ ስለነበር፣ ዳር ላይ የሚዋኙት ልጆች ሲያዩኝ «ፍየሉ መጣ! ፍየሉ መጣ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ማፈሬን ትቼ፣ እጄን አወዛውዝላቸዋለሁ። ጀልባዋ ስትታጠፍ ድምፃቸው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሸራው ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው።

ያኔ የነበረኝ ሰው ጋሽ ኦጁሉ ነው። የአቦቦ ሰው፣ አኙዋ ነበር፤ ቀን ቀን ከፊት ቆሞ በረጅም ቀርከሃ ጥልቀቱን እየለካ መንገድ ያሳየናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ዳር ይዘን እንቆማለን። አሸዋ በተሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ እሳት እናነዳለን፤ ከላይ የተሰቀለው ዓሣ እየተጨሰ ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን ፋኖስ የሚዞሩት ነፍሳት ክንፋቸው እየተቃጠለ ጭናችን ላይ ይወድቃሉ። ጋሽ ኦጁሉ ያኔ ተረት ይጀምራል። አማርኛው አጭር አጭር ነበር፤ አንድ ነገር ይልና እሳቱን ያያል፣ ሌላ ይልና እንደገና እሳቱን ያያል።

«ጋሽ ኦጁሉ፣ የእርስዎ ተረት እንደ ባሮ ነው፤ መታጠፊያው አያልቅም» ትለዋለች እናቴ።

«አንቺ ቸኩለሽ የት ትሄጃለሽ? ሰፈርሽ ውሃ ነው።»

አንድ ደንብ ነበረው። ተረት የሚያልቀው በተጀመረበት ዳር ነው። ጀልባዋ ከተነሳች ተረቱ እዚያው ይቀራል፤ ለምነህ አታስጨርሰውም።

አሁን የማወራው ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ እየተመለስን ነበር። ስንደርስ እኔና እናቴ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን ትምህርት ቤት ልገባ ነው፤ ጋሽ ኦጁሉም ዓይኑ ስለደከመ አቦቦ ልጁ ጋ ሊገባ ነው። ለአባቴ የዓመቱ የመጨረሻ ጉዞ ነበር። ለእኔ መድረስ ማለት እሱን ማጣት ነበር።

መንገድ ላይ ነፋሱ ጠፋ። ከዋናው ወንዝ በአሸዋ ደፍ የተለየች ጸጥ ያለች ኩሬ መሰል ቦታ ውስጥ ገብተን ቆምን። እንዲህ ያለ ቦታ አደገኛ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ደፉ ብቅ ብሎ መውጫውን ይዘጋል። ስለዚህ ማታ ማታ፣ በየአንድ ጣቱ ጭረት ያለው ችካል ውሃው ጠርዝ ላይ ይተከላል። በአንድ ሌሊት ሁለት ጣት ከጎደለ፣ ነፋስ ባይኖርም ጀልባዋ በገመድ ተጎትታ ትወጣለች። ችካሉን መትከልና ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር። ጭቃው ለስላሳ ስለሆነ ከችካሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል፤ አለዚያ ችካሉ ራሱ ይሰምጥና ውሃው ያልጎደለ ይመስላል።

የመጀመሪያው ምሽት ተረት እንዲህ ነበር። «አንድ ሰው ነበረ። ልጁ ማዶ ነች። ሰውየው ወንዙን ‹ልጄ እስክትሻገር ቁም› አለው። ወንዙ ‹እሺ› አለ። ቆመ።»

በሁለተኛው ምሽት ወንዙ እንደቆመ ነበር። አዞው ወንዙ የሞተ መስሎት አለቀሰ። አንዲት ሴት በቅል ውሃ ቀዳች፤ ቅሉ የወጣበት ጉድጓድ ሳይሞላ እንዲሁ ቀረ። እናቴ እንኳ ሳቋን አቆመች።

የዚያን ዕለት ችካሉን የተከልኩት ተረቱ ሊጀመር ሲል ነው። ፍሙ ቀልቷል፣ ጋሽ ኦጁሉ ጉሮሮውን ጠርጓል። ድንጋዩን ከሥሩ ሳላደርግ ሮጥኩ። ሮጬ መሄዴን አስታውሳለሁ። ረስቼ ስለመሆኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጠዋት ሄጄ ሳየው ከውሃው የወጣው አንድ ጭረት ብቻ ነበር። አጠገቡ ካለው የዛፍ ሥር ላይ ግን የእርጥበቱ መስመር ከውሃው ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። አየሁት። ጣቴንም አስጠግቼ ለካሁት።

«ስንት ጎደለ?» አለ አባቴ ከጀልባዋ ላይ።

«አንድ ጣት።»

«ጎበዝ። እንግዲያው ነፋሱን እንጠብቅ።»

በሦስተኛው ምሽት ልጅቷ ተሻገረች። አባትዋ አቀፋት፣ ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ወንዙ ጠራው። ‹ቁም ያልከኝ አንተ ነህ። መሄድ ጠፋብኝ። አሁን ሂድ የሚለኝ ማን ነው?› ሰውየው አፉን ከፈተ።

«ከዚያስ?»

«እሳቱ ተኛ» አለ ጋሽ ኦጁሉ። «እኛም እንተኛ።»

በማግስቱ ስነቃ ሰውነቴ ወደ ግድግዳው ተንሸራቶ ነበር። ጀልባዋ በጎኗ ጋደል ብላ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ አያልፍም። እስከ ቀትር ገፋን፣ ጎተትን፣ ጭነቱን አውርደን እንደገና ገፋን። ንቅንቅ አላለችም።

«ትናንት አንድ ጣት ነው ያልከኝ?» አለ አባቴ እያለከለከ።

ወደ ችካሉ ዞሬ አየሁ። ጋሽ ኦጁሉ ወደ ችካሉ ሄደ። ነቀለው፣ የገባበትን ጉድጓድ አየ፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ያለውን ድንጋይ አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ውሃው ቸኮለ» አለው አባቴን። «የዘንድሮ ውሃ ቸኮለ። ልጁን ተው።»

ሲያልፍ ድንጋዩን እጄ ውስጥ አስቀመጠው። «ይሄ የአንተ ነው» አለኝ በቀስታ።

ጥቅሉን ተሸክሞ በእግሩ ወደ አቦቦ ሊሄድ ሲነሳ ተረቱን ጠየቅሁት። «ጀልባችን እዚህ ነች፤ ተረቱም እዚህ ነው» አለኝ። «ክረምት ስትመጣ እንጨርሳለን።» ሣሩ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። አልዞረም።

ክረምት ሲመጣ እሱ በሕይወት አልነበረም። ጀልባዋም አልተንሳፈፈችም፤ የበጋው ፀሐይ ሳንቃዋን አድርቆ መጋጠሚያዎቿን ከፍቷቸው ስለነበር ውሃው ሲመለስ ውስጧ ገባ። አባቴ ከዚያ በኋላ ለቢሮዎች መደርደሪያ ሲሠራ ኖረ። እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ አርባ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ከማንም ጋር እንዴት ወሬ እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

የተረቱን መጨረሻ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ የአቦቦ ሰው፣ ሳቀብኝ፤ «ይሄን አያቴም አያውቀውም። ለአንተ ብሎ ፈጥሮልህ ይሆናል።» ሊሆን ይችላል። ምናልባት እሱም መጨረሻውን ገና አላገኘውም ነበር።

አባቴ አሁን ዓይኑ አያይለትም። ሰው ስለ ጀልባዋ ሲጠይቀው «ውሃው ቸኮለ» ይላል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ራሴ ማየት ነበረብኝ» ይላል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም፤ የማልቆጥረው ብቸኛው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው እሁድ ድንጋዩን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቼ ወደ አባቴ ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ የምናገረውን ሦስት ጊዜ አቀናበርኩ። ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ ድንጋዩን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ጠርዙን አንዴ ዳሰሰው።

«የችካሉ ድንጋይ» አለ ወዲያው። «የት አገኘኸው?»

አፌን ከፈትኩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋ።

«አባዬ፣ ውሃው አልቸኮለም» አልኩት።

ድንጋዩን ገለበጠው።

«ኦጁሉ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

እንደገና ገለበጠው። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ሊያለቅስ ነው ብዬም ጠበቅሁ። «ያ ወንዝ» አለ በመጨረሻ፣ «ሄደ ወይስ እንደቆመ ቀረ?» እሱም ያኔ ከኋላ፣ ከመቅዘፊያው አጠገብ ሆኖ ይሰማ እንደነበር አላውቅም ነበር።

«አልነገረኝም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ድንጋዩን አልመለሰልኝም፤ ኪሱ ከተተው። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ያን ቀን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማታ ቤቴ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ድንጋዩ ለዓመታት በተቀመጠበት ቦታ፣ ቅርጹን የያዘ አቧራ ያልነካው ክብ አየሁ። ልጠርገው ጨርቅ አነሳሁና ተውኩት። በተረቱ ውስጥ ቅሉ ከወጣ በኋላ ውሃው ላይ ሳይሞላ የቀረው ጉድጓድ፣ ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረኝ እሱ ነው።