የጊታሩ ሆድ ዕቃ በአባቴ መዳፍ ላይ

ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃውን ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከሚግለው የጣሪያ ቆርቆሮ ሥር የሚደብቅ ሰው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ አባቱን ከፀሐይ አብልጦ ይፈራል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። የሠራተኞች ክበብ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ለልምምድ ቢያውሰኝ አባቴ እንዳያየው እዚያ ሰቀልኩት። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው። ጊታር ለእሱ የአዝማሪ ዕቃ ነው፣ በቃ።

የዚያን ዕለት ማታ ከዚራ ሰፈር ባለው ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ልጫወት ነበር። ረፋዱ ላይ ጊታሩን ሳወርደው፣ ከክሮቹ ሥር ያለችው ነጭ የፕላስቲክ ሽፋን መሀሏ በሙቀቱ ተነፍቶ ጠበቀችኝ። ድምፁን የሚይዙት ማግኔቶች እሷ ላይ ስለታሰሩ አብረዋት ተነስተው ክሮቹን ነክተዋል። ብመታው ተንኳኳ እንጂ አልዘፈነም።

ፕላስቲክ በእሳት አይቃናም፤ ከነማግኔቶቹ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። ክሮቹን አላልቼ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቼ ገለበጥኳት። ከዚያ ምን ላደርግ እንደነበር ጠፋኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመታው የጊታር ሆድ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ፣ ዙር በዙር ላይ፣ ሳይዛነፍ ማግኔቶቹን ከቧቸዋል። ድምፅ ከዚህ ይወጣል ብሎ ማን ያምናል!

አባቴ ለምሳ የገባው ይሄኔ ነው። ቁጣውን ስጠብቅ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይህን ማን ጠመጠመው?»

«እንጃ አባባ። ፈረንጅ አገር ነው የተሠራው።»

«ሰውዬው እጅ አለው አቦ!»

ደፈር አልኩ። «ሽፋኗን ላቃናት ነው። ሽቦ ሳልቆርጥ ሁሉንም ከላይዋ እነቅላለሁ፤ ግን አንዷ ብየዳ ልትለቅ ነው፣ ከተንጠለጠለች አለቀላት። ማታ ልጫወትበት ነው።»

አባቴ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ተቀመጠና ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ።

«አምጣ።»

ማግኔቶቹንና የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ከነሽቦዎቻቸው ነቅዬ መዳፉ ላይ አሳረፍኳቸው። ባዶዋን ሽፋን ግቢ ወስጄ ቀትር ያጋለው ላሜራ ላይ አስተኛኋት። ለስለስ ስትል ሌላ ላሜራ ደርቤባት፣ ቁራጭ ሐዲድ ጭኜ፣ እንደተጫናት እንድትበርድ ወደ ጥላ ጎተትኩት።

ስመለስ አባቴ እንደተውኩት ነው። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ አይጠርገውም። ቀኑን ሙሉ መዶሻ የሚያነሳው እጅ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ዓይኑን ከመዳቡ ላይ አልነቀለም። ገረመኝ፤ ወደድኩትም።

«ጨርቅ ላይ እናድርገው አባባ፣ ደከመህ።»

«በርዳለች?»

«ገና ናት።»

«እንግዲያ ዝም በል አቦ!»

የባቡር መሥሪያ ቤቱ የከሰዓት መግቢያ ፉጨት ጮኸ። በየቤቱ በር ተከፈተ፤ ብስክሌቶች በደጃችን አለፉ። አባቴ ታሞ እንኳ ያንን ፉጨት አሳልፎ አያውቅም። ቀና ብሎ በሩን አየ፤ ከዚያ መዳፉን አየ።

«ሂድ፣ ደግመህ ንካት» አለኝ። «ትኩስ ከሆነች እንዳታነሳት።»