ሾፌሩ ከተባረረ በኋላ የተገኘው ብልሽት

«ናፍጣዬን ሰርቀህ ውሃ የሞላህበት አንተ ነህ» ብሎ አንድ ባለመኪና አሥር ዓመት የነዳለትን ሾፌር ዛሬ ጠዋት ሚዛን ከተማ፣ ጋራዤ በር ላይ፣ ሰው ፊት አባረረው።

የጭነት መኪናው ሸዋ ቤንች ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ተጎትቶ ነው የመጣው።

ሾፌሩ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይታይ» ብሎ ለመነው። አልሰማውም። ሾፌሩም ቁልፉን አስረክቦ ሄደ።

የናፍጣውን ግፊት ስለካው ወርዷል። ናፍጣው ግን ንጹሕ ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ብፈታው ማሸጊያ ጎማው በቦታው አልገባም፤ በዚያ በኩል አየር ስለሚስብ ነው ጉልበት ያጣው።

«ፊልትሮውን ማን ነው የቀየረው?» አልኩ።

«እኔ ራሴ ነኝ» አለ ባለመኪናው። (ሲያባርር የነበረው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።)

«ታዲያ ይደውሉለት እንጂ።»

«ተወው፣ አሁን ብጠራው ይንቀኛል።» ማሸጊያውን አስተካክዬ ስጨርስለት መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ለሾፌሩ እኔው ደውዬ ነገርኩት። «መኪናው ግን ዳነ?» አለኝ።

እናንተስ ባላጠፋችሁት ጥፋት ከሥራ ተባርራችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።