የተቀባይ ቦታ

አጎቴ ካረፉ በኋላ አሮጌ መኪናቸውን ለመሸጥ ስጠርግ ከወንበሩ ሥር አንድ ሲዲ አገኘሁ። ሽፋኑ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። ሞተሩን አስነስቼ ከተትኩት። ዝናቡ መስታወቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ መጀመሪያ የሰው ሳል፣ ቀጥሎ ጊታር፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ መጣ።

ልንገራችሁ፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ በስደት በምንኖርበት፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነበራቸው። እኔ ከትምህርት መልስ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ በካርቶን ቁራጭ ላይ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሰው ሲመጣ እደብቀዋለሁ። ከሱቁ በላይ ያለውን ክፍል የተከራየችው ከዌልስ የመጣች ዘፋኝ ነበረች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለዓመታት የዘፈነችበትን ባንድ ትታ ብቻዋን ልትሞክር ነው። ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ በጣሪያው በኩል እንደ ቀጭን ብርሃን ይወርድልን ነበር። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከእያንዳንዱ የዘፈኑ አንጓ በኋላ ጊታሩ ይቀጥላል፣ እሷ ግን ዝም ትላለች።

አንድ ቀን ዝንጅብል ልትገዛ ስትወርድ ለምን ዝም እንደምትል ጠየቅኳት።

"እዚያ ጋ የሚገቡት ጓደኞቼ ነበሩ" አለች። "ባዶውን በምን እንደምሞላው አላውቅም። እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እዘፍናለሁ። ካልሆነልኝ ወደ ባንዱ እመለሳለሁ።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው "ታዲያ ተቀባይ ነው የጎደላት" አሉ። እሳቸው ባደጉበት በቡታጅራ ሠርግ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በጭብጨባ ይቀበላል። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ እንግዳ የተቀየመ ይመስላል።

እሁድ ከሰዓት መንገዱ ለባቡር ሐዲድ ተቆፍሮ ስለነበር የአጎቴን መኪና ሩቅ ፓርክ አድርገን በእግር ሄድን። አጎቴ የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። የምትዘፍነው አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቤት ውስጥ ነበር፤ የወረቀትና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ሞልቶታል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ አቧራውን ያንሳፍፈዋል። ዘፋኟ ትንሽ የድምፅ መቅጃዋን እኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ልትዘፍን ሄደች።

የመጀመሪያው አንጓ አለቀ። ባዶው ቦታ መጣ። አጎቴ ብድግ አሉ! እያጨበጨቡ፣ በዚያ ሻካራ ድምፃቸው፣ ቃል በሌለው ዜማ ተቀበሏት። ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ፊቴ ጋለ፤ እጅጌያቸውን ይዤ ጎተትኩ።

"አጎቴ፣ ፕሊስ ይቀመጡ! እዚህ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሰማው።"

"ልጅቷ እየጠበቀች? ነውር አይደለም እንዴ?"

"እየሳቁብን ነው እኮ!"

"ይሳቁ። ሊያለቅሱ ነው እንዴ የመጡት?"

ተቀመጡ። እጅጌያቸውን ግን አልለቀቅኩም።

ሁለተኛው አንጓ ሲያልቅ ዓይኗን ወደ እኛ ጠረጴዛ አነሳች። ጠበቀች። አጎቴ አየር ሳቡ። እኔ እጅጌያቸውን አጥብቄ ጨመቅኩ። አዩኝ፤ ያን አስተያየት እስከዛሬ በግጥም ልይዘው ሞክሬ አልሆነልኝም። ጸጥ አሉ። ጊታሩ ብቻውን አንድ ዙር ዞረ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና በባዶው ቦታ ራሷ ገባች፤ ዝቅ ባለ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። በሦስተኛው አንጓ አልተንቀጠቀጠችም።

ሲያልቅ እየሳቀች መጣች። "ሁለተኛው ላይ እርስዎን ጠብቄ ነበር" አለቻቸው። "ሲቀሩብኝ ራሴ ገባሁ።"

አጎቴ ወደ እኔ አላዩም። "ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ልጄ" አሉ።

ወደ ባንዱ አልተመለሰችም። ቅዝቃዜው ሳይገባ ከተማውን ለቃ ሄደች፤ የዚያን እሁድ ቅጂ የያዘውን ይህን ሲዲ ለአጎቴ ትታ። ለዓመታት ብቻዋን እየዞረች እንደዘፈነች ሰምቻለሁ። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት ዘፍነው አያውቁም። በሠርጌ ዕለት እንኳ፣ ሰው ሁሉ ሲቀበል፣ እሳቸው ጥግ ተቀምጠው ፊቴን እያዩ በቀስታ አጨበጨቡ። ይዝፈኑ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

አሁን ዝናቡ በርትቷል። ሁለተኛው ባዶ ቦታ ደረሰ። ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ጆሮዬ ሥር እስኪመስል ቀርቦ፣ አንድ ሰው ለመዝፈን አየር ሲስብ ይሰማል።