መዝሙሬን ለመዘመር ፈቃድ

ልጄ የሞተችው ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነው። እኔ ያኔም እንደ አሁኑ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። ልጄ በታመመችበት ጊዜ ሁሉ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ምግብ ቋጥራ በሚኒባስ ወደ ደሴ ትመላለስ ነበር። አጠገቤ ትቀመጥና እጄን ይዛ «አብሽሪ፣ አላህ አለ» ትለኛለች። ሌላ አትጨምርም።

ከቀብሩ በኋላ ሆስፒታል የቀረውን የልጄን ልብስ ይዤ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እንደጀመረ አንድ ዜማ መጣልኝ። ግጥሙ ጌታ አጠገቤ ተቀምጦ «አብሽሪ» ሲለኝ ነው። ቤት እስክደርስ እንዳይጠፋኝ በልቤ እደጋግመው ነበር። በኋላ አብሬያቸው ለምዘምር ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አሰማኋቸው። እነሱም ተቀበሉት፤ እሁድ እሁድ መዘመር ጀመርን፣ ለቅሶ ቤትም ይዘነው ሄድን።

ደሴ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስንዘምረው ከአዲስ አበባ የመጣ ታዋቂ ዘማሪ ሰማን። ሲያልቅ ፈልጎ አገኘኝ።

«እህቴ፣ የደረስሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔም ብዘምረው ትፈቅጂልኛለሽ?»

«የጌታ ነው፣ ይዘምሩት» አልኩት። ራሴ ላይ እጁን ጭኖ ባረከኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ቤቴ የገባሁት።

አልበሙ ሲወጣ ግጥሙም ዜማውም በእሱ ስም ነበር። «አብሽሪ» የሚለውን አውጥቶ «አይዞሽ» አስገብቶበታል። ባለቤቴ ተናደደ፤ እኔ ግን በጌታ ነገር ስም መፈለግ መስሎኝ አፈርኩና ዝም አልኩ። በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት እኔ እንደለመድኩት ስዘምር፣ አጠገቤ የነበረች ወጣት ጎንተል አድርጋኝ «እማማ፣ አይዞሽ ነው የሚለው» አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ዐረብ አገር ላሉ ልጆቻችን ብላ የእሁዱን አምልኮ በኢንተርኔት ታስተላልፋለች። አንድ እሁድ መዝሙሩን የዘመርንበት ቪዲዮ የባለመብት አቤቱታ ቀርቦበት ከኢንተርኔቱ ላይ ተነሳ። የመዘምራኑ መሪ ወደ አዲስ አበባ ሲደውል የአልበሙ አሳታሚ ድርጅት ሰው አነሳ።

«መብቱ የእኛ ነው። ለማስተላለፍ የፈቃድ ውል መፈረም አለባችሁ።»

«ደራሲዋ እኮ እዚሁ አጠገቤ ናት» አለው መሪያችን።

«በምን ታረጋግጣላችሁ?»

ለምነን ለምነን የዘማሪው ስልክ ተሰጠን። ይህን ጊዜ ራሴ አናገርኩት። አልረሳኝም።

«እህቴ፣ የጌታ ነው ብለሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አለኝ።

«የጌታ ነው አልኩ እንጂ የእርስዎ ነው አልኩ?»

«መብቱን ለአሳታሚው አስተላልፌያለሁ፣ አሁን ከእጄ ወጥቷል። እጸልይልሻለሁ» አለና ዘጋው።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጠበቃ እናናግር ያለ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። «ከወንድም ጋር ፍርድ ቤት መቆም ለስማችን አይሆንም፣ ለሰላም ሲባል መዝሙሩን እንተወው» አሉ። አንደኛው ሊያጽናናኝ ብሎ «አንቺ ጸጋው አለሽ፣ ሌላ ትደርሻለሽ» አለኝ። ለሌላው መዝሙር ደግሞ ምን እንዲደርስብኝ እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ከመዘምራኑ ጋር አልቆምኩም።

አምና ዘማሪው ደሴ መጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን አውቶቡስ ተከራይታ ሰው ወሰደች። የእኔ ፈረቃ የከሰዓት ነበር፤ መቀየር እችል ነበር፣ አልቀየርኩም። በማግስቱ አብራኝ የምትሠራውን የመዘምራን ጓደኛዬን ፋብሪካው በር ላይ አገኘኋትና እንዴት ነበር አልኳት።

«ጥሩ ነበር» አለች። ከዚያ ዓይኔን ሳታይ፣ «ያንንም ዘመረው። በጾም ጸሎት ላይ ሳለሁ ጌታ የሰጠኝ ነው ብሎ አለቀሰ» አለችኝ።

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ምን እንበል? ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነበር።»

«አንቺም?»

የፈረቃው ደወል ተደወለና ተያይዘን ገባን።